ከጮቄ ጀርባ የትኛው ሬዲዮ ይናገራል? ለጎጃም አድማጭ የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ዓመት ለመስቀል ወደ ቤተሰብ ስገባ ለአባቴ አዲስ ሬዲዮ ይዤለት ሄድኩ። ደብረ ማርቆስ ሱቅ ውስጥ ስንሞክረው ድምፁ መስኮት ያንቀጠቅጥ ነበር፤ ዙሪያው ቀይና ሰማያዊ ያበራል፤ ፍላሽ ይቀበላል፤ ከስልክ ጋርም ይገናኛል። ከፈረስ ቤት ወጣ ብላ ባለችው ሸለቋችን ውስጥ ስንከፍተው ግን ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ሹሹታ ብቻ ሆነ። አባቴ ጆሮውን ጣል አድርጎ ጥቂት አዳመጠና «ልጄ፣ ይኸ ዕቃ ስለ ዝናብ ብቻ ነው እንዴ የሚያወራው?» አለኝ።

ሬዲዮው አልተበላሸም ነበር። ኤፍ ኤም ብቻ የሚይዝ ነው፤ በቤታችንና በማሰራጫው መካከል ደግሞ ተራራ ቆሟል። አሮጌው ሬዲዮ፣ ያ እናቴ የክር ሹራብ ያለበሰችው፣ ተመልሶ ወደ ምሰሶው ወጣ። አዲሱን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት፤ እስከ ዛሬ በፍላሽ ብቻ ይጠቀምበታል።

ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ሁሉ እኔን ማማከር ጀመረ፤ አንድ ጊዜ የከሰረ ሰው ዐዋቂ ይመስላል መሰለኝ። ከተሜዎቹ «ለመሆኑ ዛሬም ኤፍ ኤም የሚሰማ ሰው አለ?» ይሉኛል፤ ስልክ እያለ ሬዲዮ መግዛት ገንዘብ መጣል ይመስላቸዋል። የገጠሮቹ ጥያቄ «እኛ ዘንድ አጥርቶ የሚይዝ የትኛው ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ይህ መመሪያም እሱን ተከትሎ ይሄዳል። የማንንም ፋብሪካ ዕቃ አላሞግስም። ዋጋም በብር አላስቀምጥም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ከሱቅ ሱቅ፣ ከወር ወር ስለሚለያይ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ነገ ሰው ያሳስታል። ወጪውን ራስዎ የሚያሰሉበትን መንገድ ግን አሳያለሁ።

## አድማጩ የት ሄደ?

ለከተሜዎቹ ባጭሩ ልመልስ። ኤፍ ኤም ይሰማል፤ የተለወጠው የሚሰማው ሰው ነው። ቀድሞ ቤተሰቡ ሥራውን ጨርሶ፣ ሬዲዮውን መሐል አስቀምጦ፣ ሕፃናቱን ዝም አሰኝቶ ያዳምጥ ነበር። እንዲያ የሚያዳምጥ ሰው አሁን ጥቂት ነው። የዛሬው አድማጭ እጁም ዓይኑም ሥራ ላይ ነው፤ ጆሮው ብቻ ነጻ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ የሚነዳው፣ መኪናው ላይ አጎንብሶ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ሌሊቱን የሚገፋው የመጋዘን ዘበኛ፣ ምጣድ ላይ የቆመች እናት፣ እነዚህ ስልክ ከፍተው ቪዲዮ እያዩ ሥራቸውን ሊሠሩ አይችሉም። በአንጻሩ የዘፈን ምርጫ ለመስማት እሑድን ይጠብቅ የነበረው ወጣት ከሬዲዮ ሄዷል፤ ዘፈኑ ኪሱ ውስጥ ስላለ ማንንም አይለምንም። ለእሱ ኤፍ ኤም ሞቷል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሆኖም ሁሉን ነገር በስልክ ላይ መጣልን በተመለከተ የእኛ አካባቢ ሰው ውድ ትምህርት አግኝቷል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ዜናውንም ወጉንም በቴሌግራምና በዩቲዩብ ብቻ ይከታተል የነበረው ሰው ድንገት ደንቆሮ ሆነ። በዚያን ጊዜ ነው ብዙ ሰው ከሣጥን ሥር አሮጌ ሬዲዮ ያወጣው፤ ከእነዚህ አንዱ እኔ ነኝ።

«ኤፍ ኤም በዓለም ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬም ይሰማል። መነሻው ኖርዌይ ናት፤ በ2017 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ የኤፍ ኤም ሥርጭቷን አቁማለች። ነገር ግን የተዛወረችው ዲጂታል ወደሚባል ሌላ የአየር ሞገድ ነው፤ ሬዲዮን ራሱን አልተወችም። ለእርስዎ የዛሬ ግዢ ይህ ወሬ ምንም ለውጥ አያመጣም።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ቦታ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ከኋላው ይሰለፋሉ።

ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል። ይህ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ነው፤ ትንሽ ያጎነብሳል እንጂ ተራራ አይዞርም። የማሰራጫው ማማ ከእርስዎ ደጃፍ ሊታይ የሚችል ቢሆን፣ በመሐል ያለው ሜዳ ወይም ዝቅ ያለ ኮረብታ ቢሆን፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይገባል። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ኤፍ ኤም በባሕር ዳር 96.9፣ በደብረ ማርቆስ 95.1 ላይ ይገኛል። በጣና ዙሪያና በመራዊ በኩል ያለው ምድር ዘርጋ ያለ ስለሆነ የባሕር ዳሩ ሞገድ እንደ ልቡ ይሄዳል። መሐል ጎጃም ላይ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ተቀምጧል። ውኃውን ወደየአቅጣጫው እንደሚያከፋፍል ሁሉ ሞገዱንም ይከፋፍለዋል። ከአንድ ማማ ተነሥቶ የፍኖተ ሰላሙንም የሞጣውንም፣ የቢቸናውንም የደጋ ዳሞቱንም ሸለቆ የሚያይ ሞገድ የለም። ዓባይ በረሃማ ከዚህ ይብሳል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ሰው ያውቀዋል፤ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀመር ሬዲዮው ይንተባተባል፣ ሾፌሩም ሳይታዘዝ ፍላሽ ይሰካል።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ። ኤፍ ኤም ያለው ስልክ ከጎረቤት ይዋሱ፤ የጆሮ ማዳመጫውን ይሰኩ፤ ሬዲዮው ወደፊት የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ደጅ ሳይሆን ቤት ውስጥ ቆመው ይሞክሩ። ሁለትና ከዚያ በላይ ጣቢያ በንጹሕ ከገባ ኤፍ ኤም ብቻ የሚይዝ ዕቃ ይበቃዎታል። ሹሹታ ብቻ ከሆነ የሚቀጥሉትን ክፍሎች በጥንቃቄ ያንብቡ። እኔ ይህን ፈተና ሳላደርግ ገዛሁ፤ ውጤቱን ነግሬዎታለሁ።

ሁለተኛው ኃይል ነው። መብራት አለ ወይ? ካለስ በሳምንት ስንት ቀን ይጠፋል? ሶላር አለ ወይስ የባትሪ ድንጋይ ብቻ? ሦስተኛው የወር ወጪ ነው፤ ገዢ ሁሉ የዕቃውን ዋጋ ይከራከራል እንጂ የድንጋዩን ወይም የዳታውን ድምር አያስብም። አራተኛው የሚሰሙት ነገር ነው፤ የአካባቢ ወሬና የእርሻ ምክር፣ የዓለም ዜና፣ መዝሙርና ዘፈን እያንዳንዳቸው ሌላ ዕቃ ይፈልጋሉ። የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ዕቃውን የሚነካው እጅ ነው። ቁጥር የማያነብ ሽማግሌ በስድስት ትንንሽ ቁልፎች ተጭኖ ጣቢያ ይፈልጋል ብሎ ማሰብ ግፍ ነው።

## ኤፍ ኤም ብቻ የሚይዘው፣ ፍላሽና ሚሞሪ የሚቀበለው

በየገበያው በብዛት የተደረደረው ይህ ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ድምፁ ትልቅ ነው። አብዛኛው በስልክ ባትሪ ዓይነት ይሠራል፤ 1,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ የሚይዘው ጠፍጣፋው ባትሪ በመካከለኛ ድምፅ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ያስኬዳል። የሚያብለጨልጨው መብራት ከዚያ ላይ ይሸርፋል፤ ማጥፊያ ቁልፍ ካለው ያጥፉት። ባትሪው ሲደክም ማንኛውም የስልክ ጥገና ቤት ይለውጥልዎታል። ቀድሞ የሚበላሸው የቻርጅ መሰኪያው ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሽቦውን ሰክተው ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅሱት መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሌላ ይጠይቁ።

ጥሩው ነገር ኤፍ ኤም ቢጠፋም ዕቃው ሥራ አይፈታም፤ ፍላሽ ላይ የተጫነውን ስብከት፣ መዝሙርና ዘፈን ያሰማል። ለሱቅ፣ ለጸጉር ቤት፣ ለባጃጅ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። መጥፎው ነገር ፍላሽ ዜና አይናገርም፤ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ይደግማል። ብዙዎቹ ደግሞ የሚዘረጋ አንቴና የላቸውም፤ የቻርጀሩን ሽቦ እንደ አንቴና ይጠቀማሉ። በማሰራጫው አቅራቢያ ካልሆኑ በቀር የሚዘረጋ አንቴና ያለውን ይምረጡ። የኤፍ ኤም አንቴና ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ተዘርግቶ ሲቆም ነው ሥራውን በደንብ የሚሠራው፤ ይህ የሞገዱ ርዝመት ሩብ ነው።

አንድ ትዝብት ልጨምር። ቆርቆሮ ክዳን ሞገድ ይከለክላል፤ ሣር ክዳን አይከለክልም። ሣሩን አፍርሶ ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው «ሬዲዮዬ ከቤቱ ጋር ተጣላ» ቢልዎ አይሳቁበት፤ ሬዲዮውን ወደ መስኮት ያስጠጉለት። ከኮረብታ የሚመለስ ሞገድ ከዋናው ጋር ስለሚጋጭ አንድ እርምጃ ብቻ ማንቀሳቀስ እንኳ ድምፁን ሊያጠራው ይችላል።

## ሦስቱንም ሞገድ የሚይዘው

መምረጫው ላይ ኤፍ ኤም፣ ኤም ደብሊው እና ኤስ ደብሊው የሚሉ ምልክቶች ያሉት ሬዲዮ ነው፤ የኋለኞቹ ሁለት ምልክቶች በተራ መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ ማለት ናቸው። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከጮቄ ጀርባና በቆላው ላለ ሰው ዋናው አማራጭ ይኸው ስለሆነና ሻጮችም ስለማያስረዱት።

መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ሲመሽ ሰማይ ላይ ነጥሮ ሩቅ አገር ይደርሳል። ለዚህ ነው ማታ ማታ የማያውቁት ቋንቋ ድንገት የሚገባው። አጭር ሞገድ ቀንም ሌሊትም ከሰማይ ነጥሮ የሚወርድ ስለሆነ ተራራ አያግደውም፤ ከላይ ይመጣልና። የአማራ ራዲዮ በ6090 ኪሎ ኸርዝ ገጠር ለገጠር ሲሰማ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው የጀርመን ድምፅ የምሽት 1 ሰዓት ዝግጅትም ሽማግሌዎቻችን ዘንድ የገባው በዚሁ ሞገድ ነው።

ጉድለቱ ድምፁ ነው። ይሄዳል ይመጣል፣ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ለዘፈን አይመችም፤ ለወሬ ይበቃል። ሌላም ነገር ይረብሸዋል፦ ርካሽ ቻርጀር፣ አንዳንድ አምፖልና የሶላር መቆጣጠሪያ ሣጥን። አንድ ጎረቤታችን ሶላር ባስገባ ማግስት ሬዲዮው እንደ ንብ ይጮህበት ጀመር። ሬዲዮውን ከሣጥኑ ጥቂት ሜትር አራቀው፣ በድንጋይ አሠራው፣ ጩኸቱ ጠፋ።

ሲገዙ «ባለ 10 ባንድ» በሚል ጽሑፍ አይደለሉ። ያ ማለት አንዱ አጭር ሞገድ ለብዙ ቁራጭ ተከፋፍሏል ማለት እንጂ አሥር ዓይነት ሞገድ አለው ማለት አይደለም። ይልቅ የቁጥር ሰሌዳው ላይ በ5.9 እና በ6.2 ሜጋ ኸርዝ መካከል ያለው ክልል መኖሩን ይመልከቱ። 6090 ኪሎ ኸርዝ ማለት 6.09 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ 6 የሚል ቁጥር ከሌለው ያ ሬዲዮ ለእኛ ሰው አልተሠራም።

አጠቃቀሙም ብልሃት ይፈልጋል። ለመካከለኛ ሞገድ የሚዘረጋውን አንቴና ማውጣት ከንቱ ነው፤ አንቴናው በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ያለች ጥቁር ዘንግ ናት። ስለዚህ የሚዞረው ራሱ ሬዲዮው ነው፤ ድምፁ እስኪጠራ ፊቱን ያዙሩት። ለአጭር ሞገድ ግን ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን የመዳብ ሽቦ ከሚዘረጋው አንቴና ጋር አያይዘው ወደ ደጅ፣ ወደ ዛፍ ቢያወጡት ልዩነቱ ይገርምዎታል። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ግን ሽቦውን ይንቀሉ፤ መብረቅ ወደ ቤት መጋበዝ ነው። ደግሞም የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በጥቅምት አጋማሽ ገደማ፣ ቁጥራቸውን ይቀያይራሉ። ለምደውት የኖሩት ጣቢያ በዚያ ሰሞን ቢጠፋብዎ ሬዲዮውን ወደ ጥገና አይውሰዱት፤ መምረጫውን ቀስ ብለው ያዙሩት።

ድንጋዩን በተመለከተ ምክሬ ግልጽ ነው። ትልቁን ድንጋይ የሚወስደውን ሬዲዮ ይግዙ። በእኔ ልኬት ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚወስድ ሬዲዮ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ በቀን 3 ሰዓት ቢከፈት አንድ ወር ገደማ ይቆያል፤ ሁለት ትንንሽ ድንጋይ የሚወስደው ሳምንት ሳይሞላው ይደክማል። አሁን ያስሉ፦ በሱቅዎ የሁለት ትልልቅ ድንጋይ ዋጋ በ12 ሲባዛ፣ የሁለት ትንንሽ ድንጋይ ዋጋ ደግሞ በ52 ሲባዛ። በዓመቱ መጨረሻ ርካሹ ሬዲዮ ውድ ሆኖ ያገኙታል። ልጅ ሆነን የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ሲብስም በጥርስ ነክሰን አንድ ምሽት እናስጨምረው ነበር፤ ጥርሱን አይሞክሩት። ሬዲዮው ለሳምንታት የማይከፈት ከሆነ ድንጋዩን ያውጡ፤ ዝጎ የሚፈስሰው ፈሳሽ ስንቱን ደኅና ሬዲዮ በልቷል።

ለሽማግሌ የሚገዛ ከሆነ የሚዞር መምረጫ ያለውን ይምረጡ። አባቴ ቁጥር አያነብም፤ ግን እህቴ በሚወደው ጣቢያ ትክክል በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረገችለት፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን እንኳ ያገኘዋል። የሚዞረው ሬዲዮ ክሩ ቢበጠስም ካውያ ያለው የሰፈር ጠጋኝ ያነሣዋል። ባለ ስክሪኑ ሲበላሽ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀረው መወርወር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለአንድ ጣቢያ ብለው ሬዲዮ አይግዙ። የአሜሪካ ድምፅ በመጋቢት 2017 ሥርጭቱ ድንገት ሲቋረጥ ለእሱ ብቻ ሬዲዮ የያዙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሰፊ ክልል የሚይዝ ሬዲዮ ያለው ሰው ሌላ ፈለገ።

## ስልክ ውስጥ ያለው ኤፍ ኤም

ለብዙ የከተማ ሰው መልሱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ አላወቀውም እንጂ። በርካታ ርካሽ ስልኮች፣ ባለ ቁልፎቹ ጭምር፣ ኤፍ ኤም አላቸው። ዳታ አይበላም፣ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ሲም ካርድ ባይኖርም ይሠራል። የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ አንቴናው ስለሆነ መሰካት አለበት፤ ከሰኩ በኋላ ድምፁን ወደ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ማዞር ይቻላል። ውድ የሚባሉት ስልኮች ግን ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፤ አይፎን የለውም፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሌለው ስልክም አብዛኛውን ጊዜ አይዝም። እንግዲህ በሬዲዮ ጉዳይ ርካሹ ስልክ ውዱን የሚበልጥበት አጋጣሚ ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። ስልኩ ሲደወል ወሬው ይቋረጣል፤ ደግሞም ስልኩን የያዘው ሰው ሲወጣ ሬዲዮውም አብሮት ይወጣል። ቤተሰብን በአንድ ስልክ ማሰባሰብ አይቻልም።

## ኢንተርኔት

ድምፁ ከሁሉ የጠራ ነው፤ ምርጫውም ወሰን የለውም። ሸገር 102.1ን ወይም ሌላ የአዲስ አበባ ጣቢያ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ መስማት የሚቻለው በዚህ ነው፤ ያመለጠ ዝግጅትንም መልሶ ማግኘት ይቻላል። ሂሳቡ እነሆ፦ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የሚለቅ የሬዲዮ ሥርጭት በሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። በቀን 3 ሰዓት ቢያዳምጡ በወር 2.6 ጊጋ ባይት ይሆናል። ጥራቱ 128 ከሆነ እጥፍ ይሁን ይበሉ። ያንኑ ወሬ በቪዲዮ ካዩት ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበላል፤ ፊቱን ለማየት ካልሆነ በቀር ለወሬ ቪዲዮ መክፈት አይገባኝም። የጥቅሉን ዋጋ ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያይተው ይወስኑ።

በቴሌግራም የሚለቀቁ የድምፅ ፋይሎችን ከተማ ሲገቡ አውርዶ ገጠር ሄዶ መስማት ጥሩ ዘዴ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወላጆቻቸው ሚሞሪ ላይ ጭነው ሲልኩ አይቻለሁ። ብቸኛ አማራጭ ግን አያድርጉት፤ ምክንያቱን ከላይ በነሐሴ 2015 ታሪክ ተናግሬያለሁ።

## ዲሽና የመኪና ሬዲዮ

ዲሽ ያለው ሰው ሪሞቱ ላይ ቴሌቪዥንንና ሬዲዮን የሚለዋውጥ ቁልፍ እንዳለ ብዙ ጊዜ አያውቅም። የአገራችን ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙበት ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሚገኝ ሳህኑ የሚያየው ሽቅብ ሰማዩን ነው፤ ጮቄም ሆነ ዓባይ ሸለቆ አይከልለውም። ሪሲቨሩን በቀይና በነጩ ገመድ ከድምፅ ማጉያ ጋር ካገናኙት ቴሌቪዥኑን ሳያበሩ መስማት ይቻላል፤ መብራት ይቆጥባል። ብርቱ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ይቆራረጣል፤ መብራት ሲጠፋ ጭራሽ ይዘጋል። ለሬዲዮ ብሎ ዲሽ መትከል አይመከርም፤ ካለ ግን ይጠቀሙበት።

ለሾፌሮች አንድ ነገር ብቻ። ከጃፓን ያገለገለ መኪና የገዙ ሰዎች «ሬዲዮው ተበላሽቷል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አልተበላሸም። የጃፓን መኪና ሬዲዮ በቀድሞው ልማድ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነው የሚይዘው፤ 95.1ም 96.9ም ከዚያ በላይ ናቸው። ከአንቴናው ሽቦ ጋር የሚገጠምና ሞገዱን ወደ ታች የሚያወርድ ትንሽ ማሳለጫ አለ፤ ሙሉ ሬዲዮ ከመቀየር በፊት ኤሌክትሪሺያኑን እሱን ይጠይቁት።

## ሁሉም በአንድ ሰሌዳ

| አማራጭ | ከተራራ ጀርባ | መብራት ሲጠፋ | ኔትወርክ ሲጠፋ | የወር ወጪ | ድምፅ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤፍ ኤም ከፍላሽ ጋር | ደካማ፤ ፍላሹ ይሠራል | ቻርጁ እስኪያልቅ | ይሠራል | በጣም ዝቅተኛ | ትልቅና ጥርት ያለ |
| ሦስቱን ሞገድ የሚይዝ | በአጭር ሞገድ ጥሩ | በድንጋይ ይሠራል | ይሠራል | የድንጋይ ዋጋ | ይዋዥቃል |
| ኤፍ ኤም በስልክ | ደካማ | ቻርጁ እስኪያልቅ | ይሠራል | የለም | ለአንድ ሰው |
| ኢንተርኔት | ኔትወርክ ካለ ጥሩ | ኔትወርኩና ቻርጁ እስካለ | አይሠራም | ከፍተኛ | እጅግ የጠራ |
| ዲሽ | ጥሩ | አይሠራም | ይሠራል | መብራት ብቻ | የጠራ |

## ለማን የትኛው?

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ የሚኖር፣ ብቻውን የሚሰማና እጁ ያጠረ ሰው ምንም አይግዛ። የስልኩን ኤፍ ኤም ይክፈት፤ ከሌለው ኤፍ ኤም ያለው ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ይፈልግ።

ሱቅ፣ ጸጉር ቤት ወይም ቡና ቤት ያለው ሰው የሚዘረጋ አንቴና ያለውንና ፍላሽ የሚቀበለውን ይውሰድ። ደንበኛ ዜና ሲሰለቸው ፍላሹን ይሰካል።

በቆላው፣ በሸለቆው ወይም በጮቄ ግርጌ ያለ ቤተሰብ፣ በተለይ አዛውንት ካሉበት፣ ገንዘቡን ሰብሰብ አድርጎ ሦስቱን ሞገድ የሚይዘውን፣ ትልቅ ድንጋይ የሚወስደውንና መምረጫው የሚዞረውን ይግዛ። ሶላር ካለ በሶላርም በድንጋይም የሚሠራ ቢሆን የተሻለ ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ያለው ደግሞ አዲስ ከመግዛቱ በፊት ለጠጋኝ ያሳየው፤ የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ ከአዲሶቹ የተሻለ አጭር ሞገድ ይይዛሉ።

ተማሪና ሠራተኛ ወጣት፣ ዳታ የሚገዛ፣ ኢንተርኔቱን ይያዝ፤ ግን ስልክ ሲቀይር ኤፍ ኤም ያለውን ይምረጥ። ተጨማሪ ብር አያስወጣውም።

አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆኖ ለወላጅ ሬዲዮ የሚልክ ሰው ግን እንደ እኔ እንዳይሆን። መጀመሪያ ቤት ያለ ሰው ከላይ የነገርኩትን የስልክ ፈተና እንዲያደርግ ይጠይቅ፤ ከዚያ ይግዛ። ሱቅ ሲገባም አራት ነገር ይመልከት፦ 6 የሚለውን ቁጥር፣ የድንጋዩን መጠን፣ አንቴናው ሳይላላ ቆሞ መቆየቱን፣ ድምፁ እስከ መጨረሻ ሲከፈት የሚሰነጠቅ መሆን አለመሆኑን። ዋጋ ከመስማማቱ በፊትም ለነጋዴው አንድ ጥያቄ ያቅርብለት፦ «ቤት ወስደን አልይዝ ቢለን እስከሚቀጥለው ገበያ ትቀይርልናለህ?» ነጋዴው እሺ ካላለ ገበያው ላይ ሌላ ሱቅ አለ።